ሁለት ባትሪ፣ አንድ ይሉኝታ

ጀልባችን ሐይቁ መሃል የቆመችብን በይሉኝታ ነው። ይህን ስል ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረች» ይላል። ይበል። ከእኛ ሌላ በዚህ ዓይነት ምክንያት ውሃ ላይ የቀረ ሰው ካለ አስተዋውቁኝ፤ ተነስቼ ሰላም እለዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቤታችን ላውራ። የምንኖረው ዊትኒ ነው፣ ከላስ ቬጋስ ደቡብ ምሥራቅ። ለሥራ ካዚኖዎቹ ወደተደረደሩበት ወደ ዘ ስትሪፕ በምዕራብ በኩል እንነዳለን፤ በምሥራቅ በኩል ከነዳን ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሌክ ሚድ የሚባለው ትልቅ ሐይቅ እንደርሳለን። ባለቤቴ አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ ጎህ ሲቀድ ይወጣል። እኔ ሌላ ካዚኖ ውስጥ ስሎት የሚባሉትን የቁማር ማሽኖች የምጠግን ቴክኒሻን ነኝ፤ እሱ ሲመለስ እኔ እወጣለሁ። አንዳንድ ሳምንት የምንነጋገረው ፍሪጁ በር ላይ በምንለጥፈው ወረቀት ነው። ሁለታችንም ሥራ የሌለን ማክሰኞ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የቤቱ ሰው አማቴ ናቸው። ከመጡ አራት ዓመታቸው። መኪና አይነዱም፣ እንግሊዝኛ አይናገሩም፣ ስኳር አለባቸው። ከእሑድ ቤተ ክርስቲያን እስከ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያዩት ሰው ቢኖር እኛን ነው፤ እኛም በየተራ ተኝተን። ታዲያ ባለቤቴ ጡረታ ከሚወጣ የሥራ ባልደረባው ያቺን ስድስት ሰው የምትይዝ ያገለገለች ጀልባ የገዛ ጊዜ አበድኩበት። «ዋና የማይችል ሰው ጀልባ ምን ያደርግለታል?» አልኩት። ሦስት ማክሰኞ ከሄድን በኋላ ግን አፌን ያዝኩ። አማቴ ውሃው ላይ ሲወጡ ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። ይስቃሉ፣ ያወጋሉ፣ ልጃቸው በልጅነቱ የሠራውን ጥፋት ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ይዘረግፉልኛል። እሱ ያፍራል፣ እኔ እያጨበጨብኩ አስጨርሳቸዋለሁ። ከተጋባን ወዲህ ሦስታችንም ነቅተን፣ ሳንቸኩል፣ አንድ ቦታ የተቀመጥነው እዚያ ጀልባ ላይ ነው።

ወደዚያች ቀን ልምጣ። ሰኔ ነበር፤ ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀርባ ይጠብሳል። ነፋስ የማይገባበት ጥግ መርጠን መልህቅ ጣልንና ሞተሩን አጠፋን። ጀልባዋ ያላት ባትሪ አንድ ብቻ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ፣ ድምፅ ማጉያዎቹን የሚያሠራው እሱ፣ የአማቴ ኢንሱሊን የተቀመጠባትን ትንሿን ማቀዝቀዣ የሚያበርደው እሱ፣ ስልኮቻችንን የሚሞላው እሱ። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ እሱን የሚሞላው የለም፤ ሁሉም ከእሱ ይጠጣል፣ ማንም አይመልስለትም።

አማቴ መዝሙር አስከፈቱ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው አብረው ይዘምራሉ። አንድ ሰዓት ሄደ፣ ሁለት ሰዓት ሄደ። ከዚያ መዝሙሩ ከሥር እያለ ጸሎት ጀመሩ። አማቴ ሲጸልዩ ሰው አይዘሉም፤ ከቤተሰብ ይነሱና በጎረቤት አልፈው ባለቤቴ የሚሠራበት ሆቴል በር ላይ እስከሚቆሙት ዘበኞች ድረስ ይደርሳሉ። እኔ በዚህ መሃል የባትሪውን ኃይል የሚያሳየውን መርፌ አየሁት። ወርዷል። ኤሌክትሪክ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አዳማ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ፣ እዚህ ደግሞ ቀን የሆቴል ክፍል እያጸዳሁ ማታ ማታ ክፍል እየገባሁ። መርፌ እዚያ ሲደርስ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረኝም።

ወደ ባለቤቴ ጠጋ አልኩና «ባትሪው እየሞተ ነው፣ መዝሙሩን ልዝጋው» አልኩት በሹክሹክታ።

«ጸሎት ላይ? ተይ እባክሽ። እማዬ ትጨርስ።»

ማቀዝቀዣዋን እንዳልነቅል መድኃኒቱ ውስጧ ነው። ከእኔ የሚጠበቀው ተነስቶ ሁለት እርምጃ መሄድና አንዲት ቁልፍ መጫን ነበር። አልተነሳሁም። አማት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ምራት ተነስታ መዝሙር ስትዘጋ ይታያችሁ! እንዲህ የሚያደርግ ሰው በእኛ ቤተሰብ ገና አልተወለደም። ዝምታ ወርቅ ነው ያሉት አባቶች በአንድ ባትሪ ሐይቅ መሃል ተቀምጠው አይመስለኝም።

መዝሙሩ መሃሉ ላይ እልም አለ። አማቴ ዓይናቸውን ገልጠው «አሜን» አሉ፤ ጸሎታቸውን ስለጨረሱ እኛ የዘጋነው መስሏቸው ነበር። ባለቤቴ ሄዶ የሞተሩን ቁልፍ አዞረ። ጠቅ አለ። ደግሞ አዞረ። ጠቅ። ከዚያ ጠቅ ማለቱንም ተወው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን። ስልክ አይይዝም። ማቀዝቀዣዋ ለብ አለች፤ ባለቤቴ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ወንበር ሥር ከተተው። የአማቴ ከንፈር ደረቀ። ከሩቅ ጀልባ ሲያልፍ ባለቤቴ እጁን ለማውለብለብ አፈረ፤ «ሰው አናስቸግር፣ በዚህ በኩል የሚመጣ አይጠፋም» ይላል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ብዬ ፎጣዬን አነሳሁና ወንበር ላይ ቆሜ እንደ ዕብድ አውለበለብኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከሚስቱ ጋር መጣልን። ለአማቴ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠ፣ ጀልባችንን በገመድ አሰረና እስከ ወደቡ ጎተተን። ሲለየን «ሁለት ባትሪ ያስፈልጋችኋል» አለ። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ አመሰገነው። እኔ ግን ያንን የማውቀውን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ ንዴቴ ጆሮዬ ድረስ መጣ።

አማቴ እግራቸው ሲሚንቶውን ሲረግጥ ልጃቸውን ክንዱን ያዙት።

«ይህን ነገር ሽጠው» አሉት።

«እሺ እማዬ።»

በቃ፣ ይህችው ናት። ባለቤቴ ለእናቱ እሺ ካለ እሺ ነው፤ በሳምንቱ አንድ የሥራ ጓደኛው ጀልባዋን በወሩ መጨረሻ ሊወስዳት ተስማማ። የሚሸጠው ግን ጀልባ ብቻ እንዳልነበረ እኔ አውቀዋለሁ። የሚቀጥለው ማክሰኞ መጣ። እሱ ሳሎን ተኛ፣ እኔ ልብስ አጠብኩ፣ አማቴ ክፍላቸው ገብተው ቴሌቪዥን ከፈቱ። ሦስታችንም ቤት ነበርን፤ ሦስታችንም ለየብቻችን። ያን ዕለት በሩን አንኳኩቼ አማቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ባትሪው እየሞተ እንደነበር አውቄ ነበር።»

«አውቀሽ?»

«አውቄ። ጸሎትዎን ላለማቋረጥ ብዬ ዝም አልኩ።»

ሲቆጡ እንደሚያደርጉት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው አጣፉ።

«እግዚአብሔር የሚሰማው በድምፅ ማጉያ ነው ያለሽ ማነው? ዝጊው ብትይኝ እዘጋው አልነበረም?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ግን ላስተካክለው እችላለሁ። ሁለት ሳምንት ይስጡኝና አንድ ጊዜ ብቻ አብረውን ይሂዱ። እንደዚያ ቀን ሞተሩን አጥፍተን፣ መዝሙሩን ከፍተን፣ የፈለጉትን ያህል እንቀመጣለን። በመጨረሻ ሞተሩ ካልተነሳ ይሸጥ፣ ቃል አይወጣኝም።»

«አንቺው ራስሽ ነሽ የምትሠሪው?»

«እኔው ራሴ።»

ፈሩ። ፊታቸው ላይ አየሁት። ቢሆንም «አንድ ጊዜ እሄዳለሁ» አሉ፤ «ካልተነሳ ግን በእናትነቴ ይሸጣል።» እኔም ፈራሁ። የማሽን ሥራ አያስፈራኝም። ያስፈራኝ አንዲት የስኳር በሽተኛ እናት በእኔ ቃል ዳግመኛ ውሃ ላይ ሊወጡ መሆናቸው ነው።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። በእሑዱ፣ አምልኮ ካለቀ በኋላ፣ ወንዶቹ ፓርኪንጉ ላይ አንዲት ጥላ ሥር ተሰብስበው የእኛን ጀልባ ይጠግናሉ። ጀልባዋን ያያት አንድም ሰው የለም። አንዱ ትልቅ የጭነት መኪና ባትሪ ይበቃታል ይላል፤ ሌላው በኪስ የሚያዝ ማስነሻ አለ፣ እሱን ግዙ ይላል። ከሁሉም በላይ የሚሰሙት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የጉባኤው ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ፣ አሁን ሊሞዚን ይነዳሉ። ባለቤቴን ትከሻውን ይዘው ያስረዱታል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ ለእኔ ግን አንድ ቃል አይወረውሩም።

«ሁለት ባትሪ ትገዛለህ። መሃላቸው አንድ ማዞሪያ ስዊች ታደርጋለህ። አንድ ላይ ስታደርገው ከአንደኛው፣ ሁለት ላይ ስታደርገው ከሁለተኛው ይስባል። ጉልበት ስትፈልግ ሁለቱም ላይ ታደርገዋለህ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! አለቀ።»

ባለቤቴ «እውነት ነው ጋሼ» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ይህ ሰው ስለ ባትሪ የሚያውቀው ጥቁርና ቀይ ገመድ እንዳለው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። «ባትሪ ድር አይደለም። ሁለቱ ካበሩ አብረው ነው የሚሞቱት። ማዞሪያው ሁለቱም ላይ ተረስቶ የዋለ ቀን ሙዚቃው ሁለቱንም ይጨርሳቸዋል።»

«ታዲያ ለምን ይረሳል? ሞተር ስታጠፉ ወደ ሁለት ታዞሩታላችሁ።»

«ማን ነው የሚያዞረው?»

«ማንም! አጠገቡ ያለ ሰው።»

«እማማ ጸሎት ላይ እያሉ? እርስዎ ራስዎ ቢሆኑ ይነሳሉ?»

ጋሼ አማቴን አዩ፤ አማቴ በሩ ጋ ከሴቶቹ ጋር ቆመው ይሰናበታሉ፣ ያ መሰናበት ደግሞ እንደ ጸሎታቸው ነው፤ ሰው አይዘልም። አንዱ ወጣት ሳቁ አመለጠው። ጋሼ አልሳቁም።

«እንግዲያው አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። እንዲህ ብለው ሲጠይቁኝ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር።

ያሰብኩትን ነገርኳቸው። በሥራ ቦታ በዕረፍት ሰዓቴ ናፕኪን ላይ ስሥለው ነው የሰነበትኩት። ካዚኖ ውስጥ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ማሽን የሚሠራው ለጨዋና ለንቁ ሰው አለመሆኑ ነው። የሚነካው የደከመ፣ የሰከረ፣ የተናደደ ሰው ነው፤ ማሽኑ እንደዚያም ሆኖ መሥራት አለበት። የእኛ ጀልባ ደግሞ ይሉኝታ ላለበት ሰው መሠራት አለባት። አማቴ «ዝጊው ብትይኝ እዘጋው ነበር» ይበሉ እንጂ ነገም ከነገ ወዲያም ጸሎት ላይ ማናችንም እንደማንነሳ አውቃለሁ። ስለዚህ ማንም እንዳይነሳ ሆኖ መሠራት አለበት።

የመረጥኩት እንዲህ ነው። ሁለት ባትሪ፤ አንዱ ሞተር ከማስነሳት በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ሌላው መዝሙሩን፣ ማቀዝቀዣዋን፣ መብራቱን፣ ስልኩን ይሸከማል። በመሃላቸው ሪሌይ የሚባል ራሱን በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ሳጥን። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው መጀመሪያ የማስነሻውን ባትሪ ይሞላል፤ ኃይሉ ከፍ ሲል ሪሌዩ በሩን ይከፍትና ሁለተኛውንም ያበላዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ኃይሉ ዝቅ ሲል በሩን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ሙዚቃው ሁለተኛውን ባትሪ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ቢመጠው የማስነሻው ንክች አይልም። ስዊችም አለው፤ እሱ ግን ጠዋት አንዴ ይበራል፣ ማታ አንዴ ይጠፋል። ሁለቱን ባትሪ በእጅ የሚያገናኘው የስዊቹ ቦታ ለጭንቅ ቀን ብቻ ነው። ቤት ስንመለስ ደግሞ ሁለቱንም ለየብቻ የሚሞላ ቻርጀር ግድግዳ ላይ እንሰካለን።

ባትሪዎቹንም ዝም ብዬ አላነሳሁም። የቬጋስ በጋ ባትሪ ይገድላል፤ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፣ የሚጨምርለትም ማስታወስ አለበት። ማስታወስ የሚባለውን ነገር ከጀልባዋ ላይ ማውረድ ስለፈለግሁ የታሸገውን ወሰድኩ። የሱቁ ልጅ እኔ ስጠይቀው መልሱን ለባለቤቴ እየሰጠ ሲያስቸግረኝ፣ የገመዱን ውፍረትና የፊውዙን መጠን ሳልተነፍስ ዘረዘርኩለት። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ ነው የተናገረው።

ሥራውን የጀመርኩት ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ብረቱ ለእጅ ሳይግል። የድሮውን ሽቦ አንድ በአንድ ፈታሁ፣ ምልክት ለጠፍኩበት፣ የማስነሻውን ወደ አንድ በኩል፣ የቀረውን ወደ ሌላ በኩል ለየሁ። ባለቤቴ ካቻቢቴ ያቀብላል፤ ሲጠሩት ይመጣል፣ ሳይጠሩት አያወራም፣ ለረዳትነት ወደር የለውም። ወደ ሁለት ሰዓት ግድም አንዲት ጥቁር ሊሞዚን በራችን ላይ ቆመች። ጋሼ ናቸው፣ የሥራ ሱፋቸውን እንደለበሱ፣ የወፍራም ገመድ ጫፍ የሚጨመቅበት ትልቅ መሣሪያ ይዘው።

«በፒንሳ እንዳትጨምቂው ብዬ ነው» አሉ። «በፒንሳ የተጨመቀ ገመድ ይሞቃል።»

ልክ ናቸው። እኔም ከሥራ ቦታ ልዋስ አስቤ አፍሬ የተውኩት ነገር ነበር። ኮታቸውን አውልቀው ባለቤቴን አስያዙትና ገመዶቹን አብረን ጨመቅን። ፊውዞቹን ከባትሪዎቹ አጠገብ አሰርኩ። ሪሌዩን ደረቅ ቦታ ላይ በብሎን አጠበቅሁት። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ፈተናው መጣ። መዝሙር ከፈትኩ፣ ከዚያ የሁለተኛውን ባትሪ ገመድ ፈታሁት። ሙዚቃው ማቆም ነበረበት።

አላቆመም።

ጋሼ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ባለቤቴ «ማለት... ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» አለኝ። መጥፎ ነው። ከማስነሻው ባትሪ በስውር የሚጠጣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ እንደዚያው ሆኖ ሐይቅ ብንወጣ፣ ያን ሁሉ ልፋት ለፍተን፣ አማቴ ዳግመኛ እዚያው ጥግ ይቀራሉ። የማሽን ሕመም ስፈልግ አልቸኩልም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ናፕኪኔን እንደገና አየሁ። ሥዕሉ ልክ ነው። ስለዚህ ስህተቱ በሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር ነው። ቴስተሬን ይዤ ከድምፅ ማጉያው ተነሳሁና ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩት፤ ከወንበሩ ሥር፣ ከምንጣፉ ሥር፣ በነዳጅ ታንኩ ጎን። የጀልባዋ የድሮ ባለቤት ድምፁን ለማሳደግ አንዲት ቀይ ሽቦ በምንጣፍ ሥር ቀብሮ በቀጥታ ከሞተሩ ማስነሻ ገመድ ጋር አስሯታል። በሆዴ ተኝቼ፣ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ፈታኋት።

መዝሙሩ ቀጥ አለ።

ከሥር ስወጣ ፊቴ ጥላሸት ነበር። ጋሼ ሽቦዋን ተቀብለው አገላበጧት።

«እኔ ብሆን ጀልባዋን እስከ ዛሬ ሸጬልሽ ነበር» አሉ። «የት ነው ይህን የተማርሽው?»

«ስምንት ዓመት አብረን አመለክን ጋሼ። ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ትንሽ ጠንከር ብሎ እንደወጣ ታውቆኛል፣ ግን አልመለስኩትም። እሳቸውም አልተቆጡም። «እውነትሽን ነው» ብለው ኮታቸውን ለበሱና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ሲወጡ ለባለቤቴ የሆነ ነገር ሹክ አሉት። ምን እንዳሉት ጠየቅሁት። «ይህችን ሴት ጥሬ ሥጋ አብላት አሉኝ» አለ። አላመንኩትም፣ ግን ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አማቴ ቃላቸውን ጠበቁ። የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን የለበሱት ሐይቁ ጋ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው፤ መኪናው ውስጥም እንደለበሱት ተቀመጡ። ሰባት ትልልቅ ጠርሙስ ውሃ፣ ጃንጥላ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የኢንሱሊኑም ሌላ ብልቃጥ በበረዶ ተይዟል። አልፈረድኩባቸውም። ከቀትር በኋላ እዚያው ጥግ ሄደን መልህቅ ጣልን፤ እዚያው ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ሞተሩን አጠፋሁት።

ሪሌዩ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለች። ሞተሩ ከጠፋ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሷም ጠፋች። ባለቤቴ ደነገጠ።

«ጠፋች እኮ! ቼክ አድርጊያት!»

«በሩን ዘጋችው ማለት ነው። ተቀመጥ።»

አማቴ መጀመሪያ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጠው ነበር። መዝሙሩን ከፈትኩላቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ እጃቸው ለቀቀ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸሎቱ ተጀመረ። በዘመድ፣ በጎረቤት፣ በጉባኤው፣ በዘበኞቹ አለፈ፤ ከዚያ ወደ ስሜ መጣና «እጇን ባርክ» አለ። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። በጸሎት ላይ ያሉ አማትን ዓይን ገልጦ ማየት ነውር ቢሆንም አየኋቸው። ባትሪው ላይ ግን አላፈጠጥኩም። መዝሙሩ ሄደ፣ ማቀዝቀዣዋ አጉረመረመች፣ ስልኮቹ ሞሉ፤ ማንም ሰው ለምንም ነገር አልተነሳም።

ከተቀመጥን አራት ሰዓት ሲሞላን ባለቤቴ መልህቁን ሳበ። አማቴ ዓይናቸውን ገልጠው ቀጥ ብለው ተቀመጡና ጠርዙን መልሰው ጨበጡ። የሚሆነውን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። እጄን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። ሥራዬን አውቀዋለሁ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አዞርኩት።

ሁለተኛ ማዞር አላስፈለገውም። ሞተሩ ጉር ብሎ ተነሳና ጀልባዋ ከሥራችን ተንቀጠቀጠች። ባለቤቴ መልህቁን እንደያዘ ዘለለ፤ ውሃ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። አማቴ ግን አላጨበጨቡም፣ እልል አላሉም። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው የሞተሩን ድምፅ ትንሽ አዳመጡት። ከዚያ በጣታቸው ትከሻዬን ነካ ነካ አደረጉኝ።

«አጥፊው» አሉኝ።

«ምነው እማማ? አመመዎት?»

«ምን ያመኛል! ፀሐዩ ገና አሁን መብረዱ ነው። የምን ጥድፊያ ነው? እንቀመጥ።»

«እማዬ፣ በሰላም ተነስቷል እኮ፣ አሁን ብንሄድ አይሻልም?» አለ ልጃቸው።

«መነሳቱንማ አየሁ» አሉት። የጃኬታቸውን ማሰሪያ ላላ እያደረጉ ነበር። «ካጠፋችው ደግሞ ታስነሳዋለች።»

ከሀገሬ ይዤው የመጣሁት ዲፕሎማ አለ፣ እዚህ ያገኘሁት ሰርተፍኬት አለ፣ ከአለቆቼም ምስጋና ጽፈው የሰጡኝ አሉ። ሁሉም ተደማምረው እንደዚያች ቃል አላኮሩኝም። ባለቤቴ አየኝ፤ እናቱን ሳይሆን እኔን። ራሴን ነቀነቅኩለት። መልህቁን መልሶ ጣለ፣ እኔም ሞተሩን አጠፋሁት።